ቡናማውና ሐምራዊው

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ዝናቡ ገባ፤ እኔም አዲስ ደብተር ገዛሁ። የድሮው ገና ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ባለቤቴ ምክንያቱ ፊደሌ እየተለቀ መምጣቱ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የደብተሩ ነው እላለሁ፤ የዘንድሮ ደብተር መስመሩ ደብዛዛ ነው፣ ወረቀቱም ቢጫ። ነጭ ወረቀት መሥራት የተዉ ይመስላል።

የጥይት መደብራችን ገበያ ቀዝቃዛ ነበር። ክረምት ሲገባ አዳኞች ይጠፉና የሚመጡት ሥራ ያላቸው ሰዎች ይሆናሉ፦ የእህል መጋዘን ጠባቂ፣ የቄራ ሠራተኛ፣ ግንበኛ። እኔ የምወዳቸውም እነሱን ነው። አዳኝ ጥይት ሲገዛ ግማሽ ቀን ያወራል።

ትናንት ለባለቤቴ ጃኬት ገዛሁለት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ገበሩ የተዋጣለት። ሻጩ ለምን እንደዚያ በቶሎ እጁን እንደሰጠ አልገባኝም፤ ተከራክሬ ሳልጨርስ ያልኩትን ተቀበለ። ባለቤቴ ተቀብሎኝ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጥቁር ሁልጊዜ ያምርብሃል» አልኩት።

«አንቺ ካልሽ ያምርብኛል፣ አለቃዬ» አለና ለበሰው። እስኪተኛ አላወለቀውም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ልጃችን ደውላ፣ «እማዬ፣ ሁለታችሁም አንድ ላይ ብትታመሙ የዚያን መደብር መሳቢያ ማን ያውቀዋል? ጻፊው እንጂ» አለችኝ። ሞታችንን በጨዋ ቋንቋ ማስታወሷ ነው። እሺ፣ ልጻፈው።

አንደኛው መሳቢያ አጭሩ ሃያ ሁለት ነው፤ ሃያ ሁለት የምንለው የጥይቱን የውፍረት መለኪያ ነው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ለቤት ውስጥ የዒላማ ልምምድ ይሆናል። ሁለተኛው ረጅሙ ሃያ ሁለት፣ የእንጀራ ገመዳችን። ሁለት ዓይነት አለው፤ ጥይቶቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው ሣጥኑ ላይ ያለው መስመር ነው። ሰማያዊ መስመር ያለበት ቀርፋፋው ነው፤ ከድምፅ ስለሚዘገይ ሲተኮስ እንደ ጭብጨባ ብቻ ይሰማል፣ ሰው በሚኖርበት አጠገብ አይጥ ለሚያድን ሰው ይሰጣል። አረንጓዴ መስመር ያለበት ፈጣኑ ነው፤ አየሩን ሰንጥቆ ስለሚሄድ ይጮኻል፣ ለሜዳ ነው። ሦስተኛው መሳቢያ ማግነሙ፤ በርዝመትም በውፍረትም ስለሚበልጥ በተራው ሃያ ሁለት ጠመንጃ አይገባም፣ የእርሻ ቀበሮ የሚያስቸግራቸው ይገዙታል። አራተኛው በአንድ እርሳስ ፋንታ እንደ አሸዋ የደቀቀ እርሳስ የታጨቀበት፤ ለእባብ፣ ለዚያውም ቅርብ ሆኖ ለሚተኩስ።

አምስተኛው ጥይት ተብሎ መጠራቱም ያከራክራል። ጫፉ ላይ እርሳስ የለውም፣ ባሩድ ብቻ ነው። ግንበኞች የሚስማር ሽጉጥ በሚሉት መሣሪያ ውስጥ ይከቱትና ሚስማሩን ኮንክሪት ውስጥ ይተክሉበታል። ኃይሉ የሚለየው ጫፉ ላይ በተቀባው ቀለም ነው፤ ቡናማው ደካማ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያለ ይወጣል፤ ሐምራዊው የመጨረሻው ጉልበተኛ። ቡናማው ለብሎኬት፣ ሐምራዊው ለብረትና ለደረቅ ኮንክሪት።

መሳቢያዎቹን የሚሞላው ባለቤቴ ነው። የምሸጠው እኔ ነኝ። የሁለታችንም ስም ፈቃዱ ላይ አለ። ከዚያ ውጪ እሱ ጓዳ ገብቶ የሰው ጠመንጃ ይጠግናል፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ ሌላ ሥራም አይፈልግም። መደብሩ ይኼው ነው። የቀረው ዓይንና ጥንቃቄ ነው፤ ዓይን ደግሞ ፈጣሪ አልነፈገኝም።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ጋሽ ድመት ጠዋት በሩን ገና ሳልከፍት ቆሞ ጠበቀኝ። የእህል መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ከአይጥ ጋር ያለው ጠብ ስም አውጥቶለታል። ፊቱ እንደ ዝናቡ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ አስበሉኝ እኮ!»

«ምን ሆንክ?»

«ትናንት ንጋት ላይ አንዷን አይጥ አነጣጥሬ ለቀቅኩባት። እንደ ነጎድጓድ ጮኸ! ከግድግዳው ወዲያ የመጋዘኑ ባለቤት ሚስት ይተኛሉ። ሌባ መጣ ብለው አልጋ ሥር ገቡ። ወፍራም ሴት ናቸው፣ ሲወጡ ሁለት ዘበኛ ነው የጎተታቸው።»

ሣጥኑን አሳየኝ። መስመሩን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። አረንጓዴ ነው አለኝ፤ እኔም ስጠጋው አረንጓዴ ነበር። ፈጣኑን ነው የሰጠሁት።

«አንተስ ሣጥኑን አታይም?»

«ከእርስዎ ስገዛ ሣጥን አይቼ አላውቅም፤ የማየው እርስዎን ነው።»

ባለቤቴ ጓዳ ሆኖ ሲሰማ ኖሯል። ጃኬቱን እንደለበሰ ወጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድሜ። መሳቢያውን ስሞላ ቀላቅዬው ነው።» በነፃ አንድ ሣጥን ቀርፋፋ ሰጠው። ያንን እንኳ እኔ ብሆን አላደርገውም፤ ግማሹን ነበር የምሰጠው።

ጋሽ ድመት ሲወጣ ጃኬቱን አየና፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ሙሽራ ሆነዋል» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ጥቁር ጃኬት ምኑ እንደሚያስቅ እነሱ ያውቃሉ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ስለ ባለቤቴ እያሰብኩ ነው። ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ እስከ ዛሬ አልታወቀኝም ነበር። ሰማያዊና አረንጓዴ ሣጥን መቀላቀል የሱ ጠባይ አይደለም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬ የት ገባ ይላል፤ ይኼ ግን ከተጋባን ጀምሮ ያለ ነው፣ ምልክት ሊሆን አይችልም። ሌላ ምልክት አለ። መሸት ሲል ከመደብር ወደ ቤት ስንሄድ ክርኔን መያዝ ጀምሯል። ደረጃ ጋ ስንደርስ ደግሞ ጠበቅ ያደርገኛል። መውደቅ ይፈራል ማለት ነው። ምስኪን፣ አፍሮ አይነግረኝም። እኔም እንዳላወቀ ሰው ክርኔን እሰጠዋለሁ።

ልጃችን ለምሳ መጥታ ነበር። አባቷን ስታይ ውሃው ትን አላት። «አባዬ! ይኼ ጃኬት...»

«እናትሽ ናት የገዛችልኝ» አላት፣ ቆጣ ብሎ። «ጥቁር ጃኬት ነው። ብዪ።»

«ያምራል» አለች፤ ምን እንዳስፈራት አላውቅም።

ወጥ ቤት ገብተው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «እስከ መቼ ነው ታዲያ?» ትለዋለች። «ዝናቡ ይለፍ» ይላታል። ስለ ጤናው እየነገራት ነው። ለልጁ ነግሮ ለኔ መደበቁ ቅር አሰኝቶኛል። ግን ምን ላድርግ፣ ቢነግረኝ ምን እንደምለው አላውቅም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

የባሰ ነገር። መሳቢያ ስከፍት ሣጥኖቹ ሁሉ በላስቲክ ታስረዋል። አንዳንዱ በአንድ፣ አንዳንዱ በሁለት። ከሚስማሩ ጥይት አንዱ ሣጥን ላይ ደግሞ ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ እንጨት የሚለሰልስበት ዓይነት።

«ይኼ ምንድነው?»

«ላስቲክ ነዋ። አንድ የታሰረው ቀርፋፋ፣ ሁለት የታሰረው ፈጣን። ሸካራው ሐምራዊ። በእጅ ይታወቃል፣ መብራት አያስፈልግም።»

«መብራት አለን እኮ።»

«መብራቱ ደካማ ነው ስትዪ አልነበር?»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። አምፖሉን ሁለት ጊዜ አስቀይሬአለሁ፤ አዲሱም ዙሪያው ጉም የለበሰ ነው፣ ቀለበት የመሰለ ነገር ይሠራል። ርካሽ ዕቃ። ግን የሱ ላስቲክ የሕፃን ጨዋታ ነው። ራሱን መርዳቱ ነው፤ ይኼ ማለት መሳሳቱን ያውቀዋል። ሰው ፊት ግን ያሳፍራል፤ ደንበኛ ሱቁ ውስጥ ሆኖ እኔ ላስቲክ ስቆጥር።

አንድ ጎረምሳ «እማማ» ብሎ ጠራኝ። እትዬ ማለት ምን ያስከፍላል?

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ። ፎርማኑ መጥቶ ነበር፤ ከገበያው ወዲያ የሚሠራው ሕንፃ ላይ ያለው። ባለፈው ሳምንት ለብሎኬት ግድግዳ ቡናማ ጠይቆኝ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጥቼው ነበር። ሐምራዊ ነበር። ሠራተኛው ሳያይ ጫነው። ሚስማሩ ብሎኬቱን በስቶ በወዲያኛው ክፍል ወጣ፣ የቀለም ቀቢውን ባልዲ በስቶ ቆመ። ቀቢው አጎንብሶ ነበር። ቆሞ ቢሆን።

ማንም አልተጎዳም። ማንም አልተጎዳም። ይኼን ሁለት ጊዜ መጻፌን አየሁ፣ ልተወው።

ፎርማኑ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «እትዬ፣ ነገሩ ለተቆጣጣሪ ቢሮ መድረሱ አይቀርም፤ ሪፖርት ማድረግ ግዴታዬ ነው» አለኝ። አልፈርድበትም።

ቀለሙ ቁርጥ ቡናማ ነበር። በዓይኔ ነው ያየሁት። መሳቢያው ውስጥ ቡናማው ቦታ ላይ ሐምራዊ ተቀላቅሎ ይሆናል። ላስቲኩና ብርጭቆ ወረቀቱ አልረዳውም ማለት ነው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ጸጉሯን ወደኋላ አጥብቃ ያሰረች፤ ወንበር ስሰጣት ጠርጋ የምትቀመጥ ዓይነት። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ላስቲኩን ስታይ ቅንድቧን አነሳች፤ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«መሳቢያውን የሚሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ። ከጓዳ ሲወጣ እጁ ገና ዘይት ነበረው።

«የተሳሳተውን ጥይት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡትም እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። የሷ ሥራ ከቦታው አንስቶ መስጠት ብቻ ነው። አርጅቻለሁ።»

«አርጅቻለሁ ብለው ፈቃድ ላይ መፈረም አይቻልም እኮ፣ አባቴ።»

«አይቻልም» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ውሳኔዋን ነገረችን። ፈቃዱ በሐምሌ መጨረሻ ይታደሳል። ሲታደስ በአንድ ስም ይሆናል፣ በኔ ብቻ። የሱ ስም ከወጣ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ካለው ጠመንጃ አንዱንም መንካት አይፈቀድለትም፤ መጠገኛውም ይዘጋል።

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ሒሳብ አውቃለሁ። ሁለት ስም ከሚጠፋ አንድ ቢጠፋ ይሻላል። መደብሩ ከሚዘጋ ጓዳው ቢዘጋ ይሻላል። ተቆጣጣሪዋ ስትወጣ እፎይ ማለቴን ልጽፍ አልፈለግኩም ነበር፤ ግን እፎይ ብያለሁ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁ። መፍቻዎቹን በየመጠናቸው እየደረደረ በጨርቅ ይወለውላል።

«ጡረታዬ ደረሰ» አለኝ። «አሁን ቤት ተቀምጬ አንቺን ስጠብቅ እውላለሁ። ጥሩ ሚስት ይወጣኛል።»

መሳቅ ነበረብኝ። መፍቻዎቹን አየሁ እንጂ አልሳቅኩም።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሰው የለም። ባለቤቴ ከጓዳው ወንበሩን አውጥቶ ባንኮኒው ጋ፣ ከጎኔ ተቀመጠ። ደንበኛ ሲመጣ ከኔ ቀድሞ ይነሳና መሳቢያ ይከፍታል። «አንቺ ተቀመጪ፣ እግርሽን አሳርፊ።» እግሬ ምንም አልሆነም። ስሙ ከፈቃድ ሊወጣ ነው፣ እሱ ግን እንደ አዲስ ተቀጣሪ ይሯሯጣል። ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

የኔ ጌታ ምነው እንዲህ ቶሎ አረጀህ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አሰብኩበት። መሳቢያዎቹን እኔ ራሴ እንደ ገና ልደርድራቸው፣ እያንዳንዱን ጥይት በዓይኔ አይቼ። እሱ ባለበት ግን አይሆንም፤ ዓይኑ እያየ ሥራውን መቀማት ነው። ልጃችን ጎረቤት ከተማ አዲስ ቤት ገብታለች፤ በሮቹ አይገጥሙም፣ መደርደሪያም የላትም። እሷ ጋ ሄዶ ያስተካክልላት።

ስነግረው መሳቢያውን ከፍቶ ላስቲኮቹን ነካ ነካ አደረገ።

«ሳምንቱን ሙሉ?»

«ሳምንቱን ሙሉ።»

«አንቺን ማን ይረዳሻል?»

«አንተን ከማግባቴ በፊት ማን ነበር የሚረዳኝ?»

«ያኔ ገና ወጣት ነበርሽ» አለ፤ ከዚያ ደግሞ ምን እንደታየው፣ «አሁንም ወጣት ነሽ» ብሎ ጨመረበት። ሰው እንደዚህ ሲያስተካክል የበለጠ ያበላሻል።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሄደ። ጃኬቱን ለብሶ። በር ላይ ሆኖ፣ «ላስቲኮቹን አትንኪያቸው፣ እሺ? ለኔ ስትዪ» አለኝ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ላስቲኮቹን ፈታሁ። ብርጭቆ ወረቀቱንም ላጥኩት። መሳቢያዎቹን ገልብጬ ጠረግኳቸው፣ አዲስ ወረቀት አነጠፍኩባቸው፣ ሁሉንም ቦታ ቦታው መለስኩ። ቡናማው በግራ፣ ሐምራዊው በቀኝ። ፀሐይ ባይኖርም መስኮቱ ጋ ይዤ እያየሁ ነው የለየሁት። ደከመኝ። ግን መደብሩ ንጹሕ ሆነ፤ ተቆጣጣሪዋ ብትመጣ የምታነሳው ቅንድብ አይኖርም።

ጓዳው ዝም ብሏል። ሞረድ ሲፋጭ መስማት ለምጄ ኖሬአለሁ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

በቀን ሁለቴ ይደውላል።

«ዛሬ ምን ሸጥሽ?»

«ማግነም።»

«ለማን?»

«ለባለ እርሻው።»

«ማግነም ችግር የለውም፣ በእጅ ይለያል። ሌላስ? የሚስማር ጥይት ጠያቂ አለ?»

«የለም። አንተ በሩን ስቀል።»

«ጠያቂ ከመጣ ነገ ይምጣ በዪው። እኔ እመጣለሁ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ናፈቅሽኝ።»

ይኼን ሲለኝ ልጃችን ከጀርባ ስትስቅ ሰማሁ። እኔም ስልኩን ዘጋሁ። ናፍቀኸኛል ብዬ አልመለስኩለትም። ነገ እለዋለሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። እጄ ባይፈልግም ልጻፈው።

ፎርማኑ መጣ። መምጣቱ ራሱ አስደስቶኝ ነበር፤ ደንበኛ ከተቆጣ በኋላ ሲመለስ ትልቅ ነገር ነው። ለብሎኬት ቡናማ አለኝ። መሳቢያዬን ከፈትኩ። የኔ መሳቢያ፣ እኔ የደረደርኩት፣ ሌላ እጅ ያልነካው። ከግራ አንስቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት፣ እንዲያውም እንዲያይ ብዬ ወረቀቱን ገለጥኩለት።

አየው። እኔን አየኝ። ደግሞ አየው።

«እትዬ፣ ሐምራዊ እኮ ነው።»

«ቡናማ ነው።»

«እትዬ...»

«ወደ በሩ ውሰደውና እይ፣ መብራቱ ደካማ ነው።»

አልተንቀሳቀሰም። ቀስ ብሎ፣ «መብራቱ ደህና ነው፣ እትዬ» አለኝ። ከዚያ እንዳይከፋኝ አድርጎ ራሱ ከቀኝ በኩል አንስቶ፣ ቡናማው ይኼኛው ነው ብሎ፣ ከፍሎ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ የሉም እንዴ ዛሬ?» አለኝ። የሉም አልኩት።

የሉም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለማንም ነጋዴ ቀላል ነው። እሱ አልነበረም። ላስቲክ የለም፣ ብርጭቆ ወረቀት የለም፣ የሱ እጅ የለም። እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሩን ቆልፌ አምስተኛውን መሳቢያ ሙሉውን ደጃፍ ላይ አወጣሁት። ዝናቡ አቁሞ ነበር። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ አየሁ፤ ሁለቱም ረድፍ ቡናማ ነው። ቀኜን ሸፍኜ አየሁ፤ ሁለቱም ረድፍ ቡናማ፣ ጉም የጨመረበት። ከዚያ ጥይቶቹን ትቼ ሌላውን ነገር ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ። የአምፖሉን ቀለበት። የደብተሩን መስመር። ቢጫውን ወረቀት። ደረጃው ላይ ክርኔን ጠበቅ የሚያደርገውን እጅ።

መውደቅ የሚፈራው ለራሱ አልነበረም።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ልጃችን ቤት ሄድኩ። መሰላል ላይ ተንጠላጥሎ በር ይሰቅላል። ስገባ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ምንም ሳልነግረው ወረደ።

«ላስቲኩን ፈታሽው» አለኝ።

«ፈታሁት።»

«አውቄያለሁ። ጠርገሽ ይሆናል ደግሞ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር እንጂ። በላስቲክ ነገርኩሽ። በብርጭቆ ወረቀት ነገርኩሽ። አንቺ ላጥሽው!»

ልጃችን ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሻይ ላፍላ ብላ ሸሸች።

«በአፍህ መናገር አቅቶህ ነው?»

«ሱቁን ስንከፍት የኔ ዓይን አይስትም ብለሽ ነው የከፈትሽው። ዓይንሽ ሳተ ብልሽ ምን ታደርጊያለሽ? በማግስቱ ትዘጊዋለሽ። አውቅሻለሁ። ዝናቡ ይለፍ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ይበል፣ ከዚያ ራስ ምታት አመመኝ ብዬ ሐኪም ቤት ይዤሽ እሄዳለሁ፣ እግረ መንገድሽን አንቺም ትታያለሽ አልኩ።»

«ቀቢው ቆሞ ቢሆንስ?»

ይኼኔ ፊቱ ወደቀ። «እሱ ቀን» አለ፣ «የኔም ጥፋት ነው። ባንኮኒው ጋ መቀመጥ የነበረብኝ ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ለተቆጣጣሪዋ እኔ ነኝ ስላት አልዋሸሁም።»

«ዋሽተሃል። ጓዳህን ሰጠህ።»

«ጓዳ ምን አለው? መፍቻ ነው።»

የዚህን ሰው ውሸት ለመለየት ዓይን አያስፈልገኝም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ወደ ቢሮ ብቻዬን ልሂድ አልኩት፣ ተከተለኝ። የተቆጣጣሪዋ ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ፣ አልተቀመጥኩም። መሳቢያውን የሞላው እሱ ነው፣ በትክክል ነው የሞላው፣ ቀለም ያልለየሁት እኔ ነኝ አልኳት። ፎርማኑን መጠየቅ ትችላለች፤ ሁለተኛው ሲሆን እሱ ከተማውም ውስጥ አልነበረም።

«እናቴ፣ ይኼን ሲነግሩኝ መደብሩ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«ይዘጋል።»

«እስኪታከሙ ይዘጋል። የሐኪም ወረቀት ሳያመጡ አንድ ጥይት አይሸጡም።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ለምን ዋሹኝ?»

«ባለትዳር ነሽ፣ ልጄ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ቆይተን እንነጋገራለን» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት። ሥራው ላይ ግን አልቀለደችም። ስሙ ፈቃዱ ላይ ይቆያል፣ ጓዳውም ክፍት ይሆናል፣ መሳቢያው ግን እስከዚያ በማኅተም ይታሸጋል። እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ገበያ የለም ማለት ነው። ሒሳብ አውቃለሁ ብያለሁ፤ ይኼኛውን ሒሳብ ግን ሳልደምረው ተቀበልኩት።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። በሁለቱም። ቀስ እያለ የሚጋርድ ነው፣ የታመመው ሰው ራሱ ሳያውቅ። «ሰማያዊና ሐምራዊን ቀድሞ ይወስዳል፤ ሁሉንም ቢጫ ወይ ቡናማ ያደርጋል። እስከ ዛሬ እንዴት አላስተዋሉም?» አለኝ።

«ሥራ ነበረኝ» አልኩት።

ባለቤቴ ሳቁን ለመያዝ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሐኪሙ ጃኬቱን እያየ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ቀኙን ይሠሩልኛል፣ ቀጥሎ ግራውን።

ፈርቻለሁ። እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ሱቁ ተዘግቶ መዋል አልለመድኩም። ጠዋት ጓዳ ገብቼ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። የጋሽ ድመትን ጠመንጃ ፈታቶ ዘይት ይቀባዋል። ሞረዱን አቀብዪኝ ይለኛል፣ በእጄ ዳስሼ አቀብለዋለሁ። በእጅ ብዙ ነገር ይለያል ለካ። አጭሩን ሃያ ሁለት ከረጅሙ፣ ረጅሙን ከማግነሙ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልሳሳት ለየኋቸው፣ እሱ ባዶ ቀለሆች መዳፌ ላይ እያኖረ። «ይኼኛውስ?» አለኝ በመጨረሻ። ለስላሳ፣ ክብ። የጃኬቱ ቁልፍ ነበር፤ ተበጥሶበት።

«ልስፋልህ» አልኩት።

«በኋላ። በምን ክር እንደምትሰፊው እንዳያወዛግበን» አለኝ። አልገባኝም ነበር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ልጃችን ናት የምትጽፍልኝ፤ እኔ በፋሻ ነኝ። ተሠርቷል። አላመመኝም። አባቷ ውጪ ሆኖ ሦስት ሰው መንገድ ጠይቆት ሦስቱንም አሳስቶ ልኳቸዋል። (ይኼ እውነት ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ። ልጅሽ።)

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

በራሴ እጅ።

ፋሻውን ያነሳችልኝ ነርሷ ናት። መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው፤ ነጭ ነው። እንደዚህ ነጭ የሆነ ነገር መኖሩን ረስቼ ነበር። ቀጥሎ የነርሷን ጋዋን፣ ሰማያዊ፣ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ። ከዚያ ባለቤቴ ከበሩ ጋ ተነሳ።

የፊቱን መስመር በሙሉ አየሁት። ብዙ ነው። አንዳንዱን የጨመርኩበት እኔ ነኝ፣ በዚህ ክረምት።

እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉ ላይ ሁለት ባዶ የሚስማር ጥይት አለ። «የትኛው ነው ቡናማው?»

ጠቆምኩት። ሳልጠጋ፣ ሳልዞር፣ መስኮት ሳልፈልግ። ከዚያ ጣቴን ከመዳፉ ላይ አንስቼ ክንዱ ላይ አሳረፍኩት።

«ጃኬትህ» አልኩ።

«ጃኬቴ ምን ሆነ?»

«ሐምራዊ ነው!»

ነርሷ ፊቷን አዞረች። ልጃችን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች።

«ሐምራዊ ነው፣» አልኩ ደግሜ፣ «ክረምቱን ሙሉ... ገበያ ለገበያ... ተቆጣጣሪዋ ፊት...»

«አንቺ ጥቁር ነው አልሽ» አለ። «እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ሰው ሁሉ ሲስቅብህ!»

«ይሳቅ። አንዷን ሰው ብቻ ነበር ሳላስቅ ለማቆየት የፈለግኩት።» ኮሌታውን አስተካከለ። «ደግሞ ሐምራዊ የመጨረሻው ጉልበተኛ ነው ብለሽ የለ?»

ሻጩ ለምን በቶሎ እጁን እንደሰጠ ገባኝ። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ። አይ፣ ይቅር፤ አልሄድም። አውልቅ አልኩት፣ እንቢ አለ። ቁልፉን ልስፋልህ አልኩት፣ «አሁን ክሩ ይታይሻል፣ እሺ» አለ።

ስንወጣ መሽቶ ነበር። መንገዱ እርጥብ ነው፣ መብራቶቹ ያለ ቀለበት ይበራሉ። ደረጃው ጋ ስንደርስ እንደለመደው ክርኔን ሊይዝ እጁን ሰደደ፣ ከዚያ አስታወሰና ሰበሰበው።

እያንዳንዱ ደረጃ ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር። ክርኔን ሰጠሁት።